ስልክ ቁጥሯን ያልቀየረችው ልጅ፦ «ሥራ ሞልቷል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። የላከልኝ ኮምቦልቻ ያለ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከሥሩ «አንብበሽ ዝም እንዳትይ» ብሎበታል። አነበብኩት። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉ ስለ ደሴና ኮምቦልቻ ወጣቶች ሥራ ማጣት ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይኼ ነው፦ ሥራ አጥነት ያው ሥራ አጥነት ነው፤ የሚፈልግ ሰው ሥራ አያጣም። የኢኮኖሚ ድቀት የሚባለው የፈረንጆች ጣጣ ነው፤ የእኛ ኢኮኖሚ በየዓመቱ እያደገ ነው። የወጣቱ ችግር ክህሎት ማጣት ስለሆነ መድኃኒቱ ሥልጠና ነው። ቁጥሩም የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ስፔን እንኳ ከእኛ የባሰ አይታለች። ስለዚህ የፋብሪካ ደጅ ከመጥናት የራስን ሥራ መፍጠር ይሻላል።

ጸሐፊው ማን እንደሆኑ አላውቅም። ክፉ አስበው እንዳልጻፉ ግን ያስታውቃል፤ ለወጣቱ ከልብ ይቆረቆራሉ። እኔም በአክብሮት ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የቅጥር ደብዳቤም የቅነሳ ደብዳቤም የጻፍኩት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። አሁን ደሴ ነው የምኖረው።

«የሚፈልግ አያጣም» ከሚለው ልነሳ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምንጠራራ ጎረቤታሞች አለን። የአራት ቤት ልጆችን ብቻ ላንሳ።

አንዱ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አንድ መሥሪያ ቤት ሲሠራ ቆየና የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ለቀቀ። ሁለት ቦታ ተፈትኖ ጥሪ እየጠበቀ ነው። ይኼ የሽግግር ሥራ አጥነት ይባላል። ኢኮኖሚው ደህና በሆነበት ጊዜም አይጠፋም። እንዲያውም ገበያው ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል፤ በክፉ ቀን በፈቃዱ ሥራ የሚለቅ ሰው ብዙ አይገኝማ።

ሁለተኛው ልብስ ሰፊ ነው። ሱፍ ላይ እጁ የተመሰከረለት ነው። ዛሬ ግን ሰው ተሰፍቶ የመጣውን ወይም ሰልባጁን ይገዛል እንጂ ጨርቅ ይዞ የሚለካ ጥቂት ነው። ልጁ ሙያ አለው፤ ሙያውን የሚፈልገው ገበያ ነው የሄደው። መዋቅራዊ የሚባለው ይኼ ነው።

ሦስተኛው ግንባታ ላይ በቀን ሥራ ያድራል። ክረምት ሲገባ ሥራው ይቆማል። ዝናቡ ሲያበቃ አንዳንዴ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል። የሱ ወቅታዊ ነው፤ መቼ እንደሚጀምርም መቼ እንደሚያበቃም ያውቀዋል።

አራተኛዋ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ማሽን ኦፕሬተር ነበረች። ሙያዋ አላረጀም። ወቅቱ ክረምት አልነበረም። በፈቃዷም አልለቀቀችም። ትዕዛዝ ጠፋ፣ ላይኑ (የስፌት መስመሩ) ቆመ፣ እሷም ወጣች። ገዢ ሲጠፋ የሚመጣው ሥራ አጥነት ይኼ ነው፤ ዑደታዊ ይሉታል። በድቀት ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው ይኼኛው ነው።

«ፈልግ፣ ታገኛለህ» የሚለው ምክር ለመጀመሪያው ልጅ ይሠራል። ለሌሎቹ ሦስቱ ግን መልስ አይሆንም።

ድቀት የፈረንጅ ነው ወደሚለው ልለፍ። ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ እውነት አላቸው። በተለምዶ ድቀት የሚባለው የአንድ አገር ምርት ለሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመታት ሲቀንስ ነው። በዚህ መለኪያ በ2014 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ድቀት ውስጥ አልነበረችም። በይፋ የተነገረው ዕድገት ከ6 በመቶ በላይ ነው።

እንግዲህ ያንን ዓመት ኮምቦልቻ ላይ ቆመን እንየው። ጥቅምት 20 አካባቢ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከተሞቹ የተመለሱት ኅዳር 27 ነው። ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ማሽን ተነቀለ፣ ያልተነቀለው ተሰባበረ። ከዚያ ልክ በ26ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 23፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ተሰረዘች። ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ይገባ የነበረ ልብስ ቀረጥ ተጣለበት። ለአሜሪካ ገበያ ይሰፋ የነበረ ሁሉ ገና መስታወቱን ሳያስገጥም ገዢውን አጣ።

የአገሪቱ ቁጥር 6 በመቶ ሲያድግ የኮምቦልቻ ገበያ ተንኮታኩቷል። ሁለቱም በአንድ ዓመት እውነት ናቸው። የአገር አማካይ የአንድን ከተማ ውድቀት ይሸፍናል። ሰው ደግሞ የሚኖረው ከተማ ውስጥ ነው፤ አማካይ ውስጥ የሚኖር ሰው የለም።

አንድ ቤት ላሳያችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ የእናቴን ያህል የምወዳት አንዲት ወይዘሮ አለች። ግቢዋ ውስጥ አምስት ትናንሽ ክፍሎች አሏት፤ ለፋብሪካ ልጆች ነበር የምታከራየው። በአንዱ ክፍል ሦስትም አራትም ሆነው ይኖራሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ሰርቪስ ሲመጣ ግቢው ባንዴ ጭር ይላል፤ ማታ ደግሞ በሳቅ ይሞላል። የግቢዋን በር ያሳደሰችው በዚያ ኪራይ ነው። የሟች እህቷን ልጅ ያስተማረችውም በዚያው ነው።

ልጆቹ ሲቀነሱ መጀመሪያ ሁለት ክፍል ባዶ ሆነ፤ ቀጥሎ ሦስት። ልብስ የምታጥብላትን ሴት «አብሽሪ፣ ሲሻል እጠራሻለሁ» ብላ አሰናበተቻት። አጣቢዋ በየሳምንቱ ከጉልት የምትገዛውን ሽንኩርትና ቲማቲም ቀነሰች። በሩ ላይ ሻይና ብስኩት የምትሸጠው ልጅ ከፋብሪካዎቹ ልጆች ሌላ ደንበኛ አልነበራትም፤ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደ ቤተሰቦቿ፣ ወደ ቃሉ ወረዳ፣ ተመለሰች። እነዚያን ልጆች ደመወዝ የደረሰ ዕለት ገበያ ያደርሳቸው የነበረው የባጃጅ ልጅ ባጃጁን ለባለቤቱ መለሰ።

ከእነዚህ ውስጥ ማን ነው ክህሎት ያነሰው? አጣቢዋ ማጠብ ረሳች? የባጃጁ ልጅ መንዳት ጠፋው? አንድ ሰው ያላወጣው ብር ለሌላው ያልገባ ገቢ ነው። ከፋብሪካው በር የጀመረው ነገር እንዲህ እየተንከባለለ ፋብሪካ ደጅ ደርሳ የማታውቅ ሴት ቤት ይገባል። ድቀት ማለት ለእኔ ይኼ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ፣ ወደ ክህሎቱ። ጸሐፊው ብዙ ገጽ የሰጡት ለዚህ ነው፤ እኔንም ያንገበገበኝ ይኼ ነው።

በቅድሚያ እውነታቸውን ልስጣቸው። የክህሎት ክፍተት አለ። የማሽን ጥገና ባለሙያ ፈልገን ማስታወቂያ እያደስን ወራት የቆየንበት ጊዜ ነበር። አመልካች ሞልቶ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ፈተና) ያለፈ ሞልቶ፣ የተበላሸ የኦቨርሎክ ስፌት ማሽን ከፍቶ የሚያስተካክል ግን አጣን። ይኼ መዋቅራዊ ነው፤ ሥልጠና በትክክል የሚያስፈልገውም እዚህ ነው።

ግን የተቀነሱት የጥገና ባለሙያዎች አልነበሩም። ከላይ ያነሳኋት አራተኛዋ ልጅ ከላይኑ ፈጣን ከሚባሉት አንዷ ነበረች። ኮሌታ ነበር የምትሰፋው። ኮሌታ ለጀማሪ አይሰጥም፤ ጫፉ ትንሽ ከተዛነፈ ሸሚዙ ሁሉ ይመለሳል። ከገጠር የመጡትን አዳዲስ ልጆች አጠገቧ አስቀምጠን እሷን እያዩ ነበር የሚለምዱት። ከተቀነሰች ከወራት በኋላ ለሥልጠና ተጠራች። ደስ ብሏት ሄደች። ሥልጠናው ምን ነበር መሰላችሁ? መሠረታዊ የልብስ ስፌት። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባትና ቀጥ ያለ መስመር መስፋት። ለሦስት ሳምንት ሄዳ የውሎ አበል ተቀብላ፣ ሰርተፊኬት ይዛ ተመለሰች። ሰርተፊኬቱን ስታሳየኝ እንዴት እንደታጠፈ አስታውሳለሁ፤ አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ጥግ ከታዋለች። «እንደው ምን ልበልሽ፣ አዲስ ነገር ቢኖረው ኖሮ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ያቺ ልጅ የጎደላት ሥልጠና አልነበረም። የሸሚዝ ትዕዛዝ ነው የጎደላት። መቶ ሰው አሠልጥነን አሥር ክፍት ቦታ ብቻ ካለ፣ ዘጠና ሰው ሰርተፊኬት ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። ሥልጠናው ማን እንደሚቀጠር ይለውጥ ይሆናል፤ ስንት ሰው እንደሚቀጠር ግን አይለውጥም።

ይኼ ክርክር በሌላውም አገር ተደርጓል። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2008 የፋይናንስ ቀውስ ተመታ በጥቅምት 2009 ሥራ አጥነቱ 10 በመቶ ደረሰ። ያኔ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ «የሠራተኛው ክህሎትና ያለው ሥራ አልገጣጠም አለ፤ ግንበኛ ነርስ አይሆንም» ሲሉ ነበር። ነገሩ መዋቅራዊ ነው፣ ገበያውን በማነቃቃት አይድንም ማለታቸው ነው። ኋላ ግን ገበያው ቀስ በቀስ ሲያንሰራራ ሥራ አጥነቱ ከዓመት ዓመት ወረደ። በ2019 መጨረሻ አካባቢ 3.5 በመቶ ደርሶ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ተቀይሮ አይደለም። ቀጣሪ ሲመጣ «ክህሎት የለውም» የተባለው ሰው ተቀጠረ።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል፤ ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ ከሳቸው ጋር የምስማማበት ነበር። ዑደታዊው ሥራ አጥነት ዝም ሲባል ወደ መዋቅራዊው ይለወጣል። ኦሊቪዬ ብላንሻርና ላሪ ሰመርስ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በፈረንጆቹ 1986 የአውሮፓን ሁኔታ አይተው ያመለከቱት ይኼንን ነው፦ ሥራ አጥነቱ ከተጀመረበት ምክንያት በላይ ዕድሜ ሊያገኝ ይችላል። በኮሌታ ሰፊዋ እጅ ላይ ልታዩት ትችላላችሁ። ስፌት የእጅና የዓይን ፍጥነት ነው። ሁለት ዓመት ካልነካችው ይፈዛል። ቀጣሪም ሲቪዋ ላይ ያንን ክፍተት ሲያይ ትናንት ሥራ የለቀቀችውን ይመርጣል። የዛሬ ሦስት ዓመት ክህሎት አልጎደላትም ነበር፤ አሁን ግን እየጎደላት ነው። ጎደለ የምንለውን ክህሎት ያመጣው ሥራ ማጣቱ ራሱ ነው። ጸሐፊው ውጤቱን አይተው ምክንያት አሉት።

ስለ ቁጥሩ ብዙ አልልም፤ ግን ስፔንን ስላነሱ ማለፍ አልችልም። ስፔን በፈረንጆቹ 2007 ሥራ አጥነቷ ወደ 8 በመቶ ነበር። በ2013 ወደ 26 በመቶ ተጠጋ፤ ስድስት ሚሊዮን ሰው። በስድስት ዓመት ውስጥ ይኼ ሁሉ ስፔናዊ ሰነፈ? ሙያውን ረሳ? የግንባታ ገበያው ፈርሶ ነው። ስለዚህ ስፔን ለጸሐፊው ሳይሆን ለእኔ ነው የምትመሰክረው።

በእኛ አቆጣጠር በ2005 በተደረገው አገራዊ የሥራ ጥናት የኢትዮጵያ ሥራ አጥነት 4.5 በመቶ ነው ተብሏል። ከስፔን አንፃር ገነት ነን ማለት ነው። ግን ገባ ብሎ ላየው ገጠሩ 2 በመቶ፣ ከተማው 16.5 በመቶ ነበር። በ2010 የከተማው 19.1 በመቶ ደርሷል። ገጠር ውስጥ ሥራ አጥ የሚባል ሰው የማይገኘው ሁሉም ሥራ ስላለው አይደለም። ለሁለት ሰው የምትበቃ መሬት ላይ አምስት ወንድማማች ስለሚያርስ ነው። ድብቅ ሥራ አጥነት እንለዋለን።

በዓለም አቀፉ የቆጠራ ደንብ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ለአንድ ሰዓት እንኳ ሠርቶ ገንዘብ ያገኘ ሰው ሥራ አለው ይባላል። አንድ ቀን ሲሚንቶ አውርዶ ስድስት ቀን የተቀመጠው ሥራ አጥ አይደለም። ስፔን ያለ ሥራ አጥ ግን መንግሥት ለተወሰነ ጊዜ የሥራ አጥነት ክፍያ ስለሚሰጠው ቁጭ ብሎ መፈለግ ይችላል። የእኛ አገር አሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሥራ ስንብት ክፍያ እንጂ የሥራ አጥነት መድን አያውቅም። ደሃ ሥራ አጥ ሆኖ ለመቆየት አቅም የለውም። ያገኘውን ይሠራል፣ ቆጣሪውም «ሠራተኛ» ብሎ ይመዘግበዋል። በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ ወርደው ባሕር ተሻግረው ሳዑዲ የገቡት የወሎ ልጆችስ የት ነው የሚቆጠሩት? እዚህ ካልኖሩ እዚህ ሥራ አጥ አይባሉም። ቁጥሩ አነሰ ማለት አንዳንዴ ሰዉ አነሰ ማለት ነው።

የራስ ሥራ መፍጠር የሚለውን አልቃወምም። እኔም ቤተሰቤም የምንኖረው በንግድ ነው። ግን ደሴ መናኸሪያ ማታ ማታ ሂዱና እዩ። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረዋል። ድንቹ ይጨሳል፤ በዚያ ብርድ ደስ ይላል። አንድ ጊዜ ብቆጥር አሥራ አንድ ደረሱልኝ። ከእነሱ አንዷ የማውቃት የፋብሪካ ልጅ ናት። «ድሮ እዚህ ጋ ሦስት ነበሩ አሉ» አለችኝ። የሚበላው ሰው አልጨመረም፤ ሻጩ ነው የጨመረው። ገበያ በቀዘቀዘበት ሰዓት ሁሉም ሰው ሻጭ ሲሆን ያው አንድ ሰሃን ድንች ለአሥራ አንድ ይከፈላል። የራስን ሥራ መፍጠር ገዢ ሲኖር ነው የሚያዋጣው። እነዚህ ሴቶች ደግሞ በቆጣሪው ደብተር ሥራ ፈጣሪዎች ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጸሐፊው «ከመተቸት መፍትሔ» ብለው ስለጨረሱ የማውቀውን ልበል።

ገዢ ሲጠፋ ትልቁ ነገር ሠራተኛውና ፋብሪካው እንዳይቆራረጡ ማድረግ ነው። ጀርመኖች ይኼንን በደንብ ያውቁበታል። ሥራ ሲቀንስ ሠራተኛው አይባረርም፤ ሰዓቱ ይቀነስና ከቀረበት ደመወዝ ከፊሉን መንግሥት ይሸፍንለታል። በኮሮና ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 2020 ሚያዝያ አካባቢ፣ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሠራተኛ በዚህ መንገድ ተይዟል። የጀርመን ሀብት የለንም። ግን እኛም በዚያው ሰሞን በአስቸኳይ ጊዜው ድንጋጌ አሠሪ ሠራተኛ እንዳይቀንስ ከልክለን ነበር። ያኔ ማንም «ወጣቱ ክህሎት አጣ» አላለም። ችግሩ ከውጭ እንደመጣ ሁሉም ገብቶት ነበር። ኮምቦልቻ ላይ የወረደውም ከውጭ የመጣ ነው።

ሕጋችን ራሱ በር አለው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በጥፋቱ ባልመጣ ችግር ሥራ ሲያቆም የሥራ ውሉን እስከ 90 ቀን እንዲያግድ ይፈቅዳል። ውሉ አይፈርስም፤ ይታገዳል። ችግሩ እኒያን 90 ቀናት ሠራተኛው በምን ይበላል የሚለው ነው። ሴፍቲኔቱን፣ ደሃን በቀን ሥራ እየከፈለ የሚደግፈውን የመንግሥት ፕሮግራም፣ እዚህ ላይ ማዋል ይቻላል እላለሁ። የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ መንገድ መጥረግ፣ ችግኝ መትከል፣ ቦይ መክፈት ለቀን ክፍያ ይሠራ ነበር። ቋሚ ደሃውን ለማገዝ የታሰበውን ለድንገተኛ ቅነሳም ክፍት ማድረግ፣ ለኮምቦልቻም ጭምር፣ ከሦስት ሳምንት የክርና መርፌ ሥልጠና ይሻላል።

ማሽኑ የተነቀለበት ፋብሪካ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ገዢ ቢመጣም የሚሰፋበት የለም። የሚፈልገው ብድርና መለዋወጫ ነው። ለልብስ ሰፊው ጎረቤቴ እውነተኛ የሙያ ለውጥ ሥልጠና። ለቀን ሠራተኛው ክረምቱን የሚሻገርበት ሥራ። ሁሉንም በአንድ ስም ጠርተን አንድ ሥልጠና ከሰጠናቸው የሦስቱን ጊዜ እናባክናለን።

ጸሐፊው «ተስፋ ቆርጠው ቤት የተቀመጡ» ያሏቸውን ሳነብ የኮሌታዋ ልጅ ናት የመጣችብኝ። የስንብቱ ዕለት ቢሮዬ መጥታ ስልክ ቁጥሯ ፋይሏ ላይ በትክክል መጻፉን እንዳረጋግጥላት ጠየቀችኝ። አለቆቼ «ሥራ ሲመጣ እንጠራችኋለን» እንድል ነግረውኝ ነበርና እኔም አልኳት። ቁጥሯን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ራሷን ነቀነቀች። ባለፈው ዓመት ደሴ ፒያሳ ተገናኘን። ስልኳ ተሰርቆባት ነበር። አዲስ ቁጥር ማውጣት ይቀላት ነበር፤ እሷ ግን ከሰው ተበድራ፣ ተሰልፋ፣ ያንኑ የድሮውን ቁጥር ነው ያስወጣችው። «ፋብሪካው የሚያውቀው እሱን ነዋ» አለችኝ።

ፋብሪካው እስካሁን አልደወለላትም።